ያልተቀበረ እትብት

የኔ እትብት ሐርቡ ነው፣ ከቁርቁራ ሥር፤
አባቴ በካራው ጫር አርጎ አፈር
የደፈነው ክር።
«አገርሽ የት ነው?» ላለኝ ሰው ሁሉ
መልሴ እሱ ነበር።

የሙዝና ግን አልተቀበረም።
አል ዓይን ከተማ፣ በነሐሴ ሐሩር፣ ሌሊት ተወለደች፤
አዋላጇ ነርስ ከእትብቷ ላይ ደሙን በከረጢት ቀዳች፣
ቁጥር ለጠፈች፣
እንደ እሳት ከሚፈጅ ብርድ ውስጥ ከተተች።
እኔ ሠራተኛዋ፣ የእመቤቲቱን ቦርሳ ይዤ በር ላይ የቆምሁ፣
«የዚች ልጅ አገሯ ፍሪጅ ሊሆን ነው እንዴ?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ወንድሟ ሱሃይል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ
በየሦስት ሳምንቱ በሰው ደም ይታደስ ነበር ውሉ።
ባገራችን «መቅኖ ቢስ» ሲባል ዕድለ ሰባራ ማለት ነው፤
ሐኪሙ ግን ቃሉን እንዳለ፣ ያለ ቅኔ ነው የተናገረው፦
«መቅኔው ነው የታመመው።»

«ግንድ ሕዋስ» አለ ደግሞ። ግንድ ሲባል እኔ የማውቀው
እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረውን፣ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀውን ነው።
ይሄኛው ግንድ ቅርንጫፉን ገና አልመረጠም፤
ቀይ ልሁን፣ ነጭ ልሁን፣ ደም አርጊ ልሁን፣ ልቡ አልቆረጠም፤
ኢቃማው ላይ ሙያው አልተጻፈም።
የኔ ተጽፏል፦ «የቤት ሠራተኛ»። ማኅተም አርፎበታል።
ደሴ ላይ የጀመርኩት ባዮሎጂ፣ ደብተሩን ይሄኔ ምስጥ በልቶታል።

በረዶው ቀለጠ። ያች እፍኝ የማትሞላ ደም
በቀጭን ቱቦ ወረደች።
ከመስታወቱ ወዲህ ቀን ቆጠርን። ሙዝና ጥርስ አበቀለች።
በሃያ ሰባተኛው ቀን ሐኪሙ «አምስት መቶ» ሲል
እመት ሸምሳ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች፤
የክፍያ ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ የነጭ ደም ቁጥር ኖሯል፣
ለካ ዘሩ በቅሏል።
ያልተቀበረው እትብት ተቀበረ፣
በወንድሟ አጥንት ውስጥ ማደሪያ ቆፈረ።
«አገርሽ የት ነው?» ቢሏት አንድ ቀን ሙዝናን፣
በጣቷ ትጠቁም ይሆናል ወንድሟን።

አሁን እኔ ከቴምር ቤተ ሙከራ ነኝ፤ ኢቃማዬ ተቀይሯል፣
ነጭ ካፖርት፣ ጓንት፤ እጄ አልኮል አልኮል ይሸታል።
ከአንዲት ኸላስ ዛፍ ልብ ላይ ጥፍር የምታህል ቆርጠን
ከጨለማ ክፍል እናኖራታለን።
እዚያ ቅጠልነቷን ትረሳለች።
ወር ትረሳለች፣ መንፈቅ ትረሳለች።
መርሳት እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።
ከዚያ መርሳት ውስጥ ሺህ ቴምር ይነሳል፣ መንታ የመንታ መንታ፣
በእህቷ እግር እህቷ የምትተካ፣ ያለ ሐሜት፣ ያለ ይሉኝታ።
«የተለየ ካየሽ ጣዪ» ይላል ሱኩማራን፣ የኬረላው አለቃችን፣
«ገበሬው የከፈለን አንድ ዓይነት ሊተክል ነው» እያለ ሲቆጣን።

ትናንት አንዱ ብልቃጥ ውስጥ አንዲት ቀንበጥ አየሁ፣
ቅጠሏ የተዥጎረጎረ፣ አንገቷን ወዲያ ያዞረች።
እንደነሱ መሆኑን ማን አስረስቷት ይሆን?
ባልዲው አጠገቤ ነው። ሱኩማራን ስልክ ላይ ነው።
አልጣልኳትም።

ከመኝታችን ጀርባ፣ ኤሲው ከሚያንጠባጥብበት፣
የውሃ ፕላስቲክ ቆርጬ ደፋሁባት፣
ፀሐዩ እንዳይፈጃት።
ታፍራ አታፍራ የሚለየው ባምስት ባስድስት ዓመት ነው ይላሉ፤
የኔ ኢቃማ ሁለት ነው።
ቢሆንም፣ በሻይ ማንኪያ አፈሩን ጫር ሳደርገው፣
አንድ አፍታ፣
እጄ የአባቴ እጅ መሰለኝ።