የቆቅ ውሃ ግንበኛ

ሲሚንቶው በአህያ፣ አሸዋው በጀርባ፣
ከሰላ ድንጋይ በታች ቁልቁል ስንገባ፣
ግንቦት ነበር፤ ደረቅ። ቆቅ ውሃ ብቻዋን
ከአለቱ ሥር ሆና ታፈልቃለች ድርሻዋን።

ሠላሳ ሁለት ምንጭ ገንብቻለሁ በእጄ፣
በሞጃ፣ በመንዝ፣ በተጉለት ሄጄ።
ልኩን እወስዳለሁ፣ እቆፍራለሁ፣ እደፍናለሁ፤
ውሃው የሚወጣበትን ሰዎች «ዓይን» ይሉታል፤
እኔ «ቀዳዳ» እላለሁ።

የዚያን ቀን አንዲት ልጅ ቀድማን ደርሳ ነበር፣
ተንበርክካ ጭቃው ላይ፣ ከምንጩ ድንበር።
ሙሉሸዋ ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን መጥታ፣
ነጭ ሳህን አስቀምጣ፣ ስስ መረብ ዘርግታ፣
ድንጋይ ታነሣለች፣ ሆዱን ታጥበዋለች፣
ደግሞ እንደነበረው በቦታው ታስተኛዋለች።

«ልጄ፣ ወርቅ ጠፍቶሽ ነው?» አልኳት ለመሳቅ።
«ይምጡ ይዩ፣ ጋሼ፤ ጥላዎ አይውደቅ።»

ሳህኑን አየሁት።
መጀመሪያ ምንም። አሸዋ ነው አልኩት።
ቀጥሎ አሸዋው ተነሥቶ ሄደ።

የገብስ ፍሬ የሚያክል ቤት፣
ጠጠር በጠጠር ላይ የተሰካበት፣
ጥቁሩ ከነጩ፣ ቀዩ ከግራጫው፣
ያልጎበጠ ወገቡ፣ ያልተንጋደደ መውጫው፤
አንድ ትል ስድስት እግሩን ከደጁ አውጥቶ
ቤቱን ይጎትታል አንገቱን አስግጎ፣ አጎንብሶ፣ በርትቶ።

«ማን ገነባለት?» አልኩ። «ራሱ» አለችኝ፤
«ከአፉ ክር እያወጣ።» ቀና ብላ አየችኝ።
እኔም እጄን አየሁ፣ ሲሚንቶ የበላውን፣
ያለ ቱምቢ ያለ ገመድ አንድ መሥመር የማያውቀውን።
አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ከድንጋይ ሳፋቅር
እንዲህ ያለ ማዕዘን አላወጣሁም፤ እውነቱን ልናገር።

ሌሎቹንም አሳየችኝ፦
ባለ ሦስት ጭራ፣ በጎኑ ላባ የሚተነፍስ፤
ነጭ ጠፍጣፋ ትል፣ ብርሃን ሲነካው ወደ ጥላ የሚፈስ፤
ምስር የማታህል ቀንድ አውጣ፤
ከቅጠል ብስባሽ ሥር ጎባጣ ነገር፣ በጎኑ ዋኝቶ የሚመጣ።
«ቆቅ ውሃ» አለች፣ «ክረምትም በጋም ያው ናት፤
አሥራ ሦስት ተኩል ዲግሪ። ሌላ አያውቁም፤
ዓለም ለነሱ ይቺው ናት።»

እታለማሁ ጀሪካኗን አውርዳ ስትሰማ ቆይታለች።
«ይቺ ዓለም» አለች፣ «ባለፈው ሐምሌ
ታናሼን በሆድ ቁርጠት አልጋ ላይ ጥላለች።
ከብት ይረግጣታል፤ አልቅቱ በበቅሎ አፍንጫ ይገባል፤
አንተ ግንብህን ገንባ። ትል እንደሁ
አገር ሙሉ ውሃ ሞልቶለታል።»

ሙሉሸዋ አልመለሰችም።
«የለውም» ልትል ከንፈሯ ሲላወስ አይቻለሁ፤ አላለችም።

ገነባሁ እንግዲህ። የመጣሁበት ነው።
ዓይኗን ከደንኩት፤ የታዘዝኩት እሱን ነው።
ግን ከግንቡ እግር፣ ትርፉ ውሃ በሚወርድበት፣
ፕላኑ ላይ የሌለች አንዲት ክንድ ቦታ፣
ሲሚንቶ ያልነካት፣ ጭንጫ የሞላበት፣
ድንጋዩን በሆዱ፣ እንዳየሁት፣ ቀስ አድርጌ
አንድ በአንድ አስተኛሁበት።
ተቆጣጣሪው መጣ፤ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»
«ማስተንፈሻ» አልኩት። ጻፈ። ለካ ውሸትም ልክ ነው።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ቧንቧ ሊጠገን ተልኬ፣
ወረድኩ ያንኑ ቁልቁለት፣ መፍቻዬን ታቅፌ።
እታለማሁ ታናሿን ከቧንቧው ታጠጣለች፤
ልጁ ወፍሯል። «ጋሽ ጥበቡ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች።
እኔ ግን ወደ ግንቡ እግር ዞርኩ፤ ጉልበቴ እየጮኸ ተንበረከክኩ፣
አንዷን ድንጋይ አነሣሁ፣ ሆዷን በመዳፌ አጠብኩ፣
በቆርቆሮ ኩባያ ውሃውን ቀድቼ አየሁ።

አሸዋ ነው።
ዝም ያለ አሸዋ ነው።
ጥላዬን ወደ ኋላዬ ሰብስቤ
ጠበቅኩ።