ሞላላ

ጥርሷ ጠሟል ብዬ ልመልሳት ሄድሁኝ፤
አያ ማንደፍሮ ግን ከት ብሎ ሣቀብኝ።
«አልጠመመም ልጄ፣ ክብ አይደለም እንጂ፤
ሞላላ ነው» አለ፣ «ታስቦ ነው፤ ሂጂ።»

ሄድሁ።
ውሃ ቆጣሪ ነው በየቤቱ የማነብ፤
ሞተር ሲታደል ግን ስሜ የለ ከመዝገብ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማ ጨርሼ ኖሬ፣
ዕቁብ ቢወጣልኝ ይቺን ገዛሁ ለእግሬ።
ማርሿ አንድ ብቻ፣ ቅያሪ የማታውቅ፣
ፎርኬታዋ ድፍን፣ እንደ አጥንት ደረቅ፤
ሞላ የላት ከፊት፣ ሞላ የላት ከኋላ፣
ስሟን ቢጠይቁኝ ግን ሞላላ፣ ሞላላ።

ጥርሱን ከየት እንዳመጣው አያ ማንደፍሮ አይናገርም።
ከአንድ መንገደኛ ፈረንጅ ጓዝ ነው ይላሉ፤
እሱ ግን ስጠይቀው ካቴና ይቀባል።

ከፒያሳ ስወርድ ኮብልስቶኑን በክንዴ አነበዋለሁ፤
የትኛው እንደተነቀለ፣ የትኛው እንደሰመጠ
ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ መዳፌ ያውቃል።
ቁልቁል ወደ ቀሃ እግሬ ባዶውን ይዞራል፤
ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሊመጣ ሲል
አየር እንደሚቆጥር ቆጣሪ።
(ወይዘሮ እናኑ ዘወትር የሚከራከሩኝ በዚያ አየር ሂሳብ ነው፤
«ነፋስ ጠጥቼ ልክፈል?» ይሉኛል። እውነት አላቸው።)

ከዚያ ድልድዩ። ከዚያ የቁስቋም ዳገት።
«ማርሽ ቀይሪ እንጂ!» ይላል ባለ ባጃጁ፣
ጭሱን አልብሶኝ ሲያልፍ።
ምኑን ልቀይረው? ያለችኝ አንዲት ናት፤
የሚቀየር ካለ፣ ወይ እኔ ወይ ዳገት።

እግር ክብ አይደለም።
ይሄን ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።
ሲረግጥ ጎልማሳ ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ግን፣
ላይም ታችም፣ ለአንድ ቅጽበት ይሞታል።
ክብ ጥርስ ይሄን አይጠይቅም፤
ለሞተውም ለቆመውም አንድ ታሪፍ ያስከፍላል።
ሞላላው ግን ያውቀኛል፤
ስደክም ይቀጥናል፣ ስበረታ ይወፍራል፤
ከጉልበቴ ወስዶ ለድካሜ ያበድራል።

ካቴናዋም አብራ ትላላለች፣ ትጠብቃለች፤
በሁለት አፍ የሚነበብ ቃል ትመስላለች፤
«አለ»፣ ላልቶ ሲነበብ፣ ወሬ፤
«አለ»፣ ጠብቆ ሲነበብ፣ ኑሮ።
ላላ፦ ባለ ባጃጁ አለ። መሥሪያ ቤቱ አለ። ጎረቤት አለ።
ጠበቀ፦ ጉልበቴ አለ።
ላላ።
ጠበቀ።
የቀሚሴ ጠርዝ ግራሶ በልቷል፣ ትንፋሼ ከጥርሴ ጋር ይፋጫል፤
የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ወርጄ እገፋ ነበር፤
ትናንትም ገፍቻለሁ።

ዛሬ አልወረድሁም።
ማንም አላየኝም፤ አንድ ውሻ ብቻ
ሊጮህ ተነሥቶ ተወው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለው ቤት
ሁለት ወር ውሃ አልመጣበትም፤
ያለፈው ቁጥርና የዛሬው አንድ ናቸው።
ልዩነት በሚለው ሳጥን ዜሮ ልጽፍ ጎንበስ አልሁ፤
ድንጋዩ ሁሉ ገና እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።
ክብ ላደርጋት ነበር፤
ሞላላ ወጣች።