አራተኛው ስም

ዋግነር ነበር ስሙ፣ ባገሩ ሲጠራ፤
ፍቺው ሲጠየቅም፣ ጋሪ የሚሠራ።
አባት ለልጅ ሲያወርስ፣ መዶሻና መሮ
ስሙም አብሮ ወርዶ፣ ስንት ትውልድ ኖሮ
ተንታ ላይ ደረሰ፣ በበቅሎ ተሳፍሮ።

ተንታ ደግሞ ገደል፤ ጋሪ የት ይሂድበት!
አንዷን ሠርቶ ቢለቅ፣ በሽሎ ዋጠበት።
ያን ዓመት ስንዴውን፣ ዋግ መታው በሙሉ፤
«ዋግ ነህ፣ ዋግ ነህ፣ ውጣ!» ሰዎቹ እያሉ
ዱላ ይዘው መጡ።
አያቴ ዘሀራ፣ ያኔ ኮረዳ ነች፣
በር ላይ ቆማ ሰማች፤
ቃሉን አልነጠቀቻቸውም፤
አፏን ብቻ ከፈት አድርጋ
«ዋጋ ነህ» አለችው።
እንዲያው ቀረ።

ትናንት ቀበሌ ሄድሁ፣ ለልጄ መታወቂያ።
ጸሐፊዋ ጻፈች፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፤
እንድሪስ፣ ሁሴን፣ ይማም።
«ዋጋነህስ?» አልኳት።
«እሱ ያንተ አያት ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም» አለች፣
ማኅተሙን እያረጠበች።

እነሱ ዘንድ ስም ቤት ነው፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤
እኛ ዘንድ መንገደኛ፤ ሦስት ቤት አድሮ ያልፋል።

ከበሽሎ የተረፈች አንዲት መንኮራኩር
ጓሮ ግንድ ላይ ተሰክታለች፤ ዶሮ ያድርባታል።
እንድሪስ ሲያልፍ በእጁ ይገፋታል፤
ትዞራለች፣
የትም አትሄድም።