ጋሽ ሙዘይን የተወው ፋይል

ጋሽ ሙዘይን ካረፈ ሁለት ክረምት ሆነው፣
ሄርማታ ቀበሌ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተወውን መዝገብ ማንም አልከፈተው።
ሂክማ ከዩኒቨርሲቲ በፍላሽ አመጣች፤
«ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ ዝም ብለህ ጫን» አለች።

ጫንኩ።
ነጻው እንግዳ ገና ከደጅ ቆሞ
«ጃቫ አሥራ ሰባት አለህ?» አለኝ አስቀድሞ።
ያለኝ ስምንት ነው፣ እሱም የተጎዳ፤
ስጦታም እንዲህ ነው፣ በነጻ ይመጣል ከነሙሉ ዕዳ።
ምልክቱ ሲኒ ነው፣ እንፋሎት ያዘለ፤
ጅማ ተቀምጦ ሲኒ ያጣ ማን አለ?

አጂፕ ካለው ካፌ ሦስት ሰዓት ወረደ፣
ዘጠና ከመቶ ላይ መስመሩ ሄደ።
ደገምኩት። አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ አመሸ።

በማግስቱ ተከፈተ።
የቦታ ቁጥር፣ ስፋት፣ የአዋሳኝ ስም፣
«መዝጋቢ» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች
ሙዘይን፣ ሙዘይን፣ ሙዘይን።

የአባቴን ቦታ ፈለግሁ። ስፋቱ ባዶ ነው።
ማስታወሻው ላይ ግን፦
«ሜትሩ ተበጠሰ። ዝናብ። ነገ እመለሳለሁ።»

ልሞላው ጠቅ ባደርግ እሺ አላለኝም፤
ነጻው ፕሮግራም ያሳያል እንጂ አያስጽፍም።