ቀኑ ያለፈበት

በኦሃዮ፣ ቶሊዶ፣ ከሐይቁ ነፋስ በታች፣
ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቨርና ትመጣለች።
የብስኩት ቆርቆሮ በብብቷ ይዛ፣
ለአንድ ጥንድ ፎጣ ብላ ሁለት አውቶብስ ተጉዛ።

እኔ ሦስተኛው ካሸር፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፤
ሰልፈኛው ያጉረመርማል ክዳኑን ስታነሳ።
ከውስጥ ብቅ ይላል አረንጓዴ ወረቀት፣
በፀጉር ላስቲክ ታስሮ በየዓመተ ምሕረት።

«ሃያ በመቶ ቅናሽ፣ ለአንድ ዕቃ ብቻ»
ይላል የሱቁ ሕግ፤ እሷ አላት መፍቻ፦
አራት ዕቃ ይዛ አራቴ ትከፍላለች፣
አራቴ ቦርሳዋን ዘግታ ትከፍታለች፣
«የሚቀጥለው ደንበኛ ደግሞ እኔ ነኝ» ትላለች።

በወረቀቱ ግርጌ የማብቂያ ቀን አለ፤
ከታተመ ወዲህ ስንት በረዶ ዋለ።
አለቃዬ ዱዌይን ግን፣ በጽሑፍ ባይኖርም፣
«ተቀበላት» ይለኛል፤ «እዚህ ቤት ቀን አያልፍም።»

ስንቱ የቆጡን ሲያወርድ የብብቱን ጥሏል፤
የቨርና ቆርቆሮ እብብቷ ውሏል።

ከኩፖኖቹ ሥር አለች ቀጭን ደብተር፣
ያዳነችው ሳንቲም በእርሳስ የሚሰፈር፦
የድስት ክዳን፣ አንድ ዶላር ከአስር።
የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ፣ ሦስት ከሃምሳ።
ለእህቷ ልጅ ሰርግ ሳህን፣ ስድስት።
መጋረጃ፣ አጥሮ የተመለሰ፣ ዜሮ።

«ድምሩስ ስንት ደረሰ?» አልኳት አንድ ቀን።
«አራት ሺህ መቶ ሰባት።»
«ታዲያ የት አለ?» ብላት፣
«ያልወጣ ገንዘብ፣ ልጄ፣ አይታይም በዓይን።»

በየካቲት መጣች፤ ማክሰኞ አልነበር።
ቆርቆሮው በእጇ የለም። የታቀፈችው ነገር
በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ነው፣ ባለ ሁለት መዘውር፣
አንዱ መዘውር ለእሷ፣ አንዱ ለካዚሚር።

«ለአንድ ሰው የሚሆነው ካለ ቀይሩልኝ።
ደረሰኝ የለኝም፤ ያልጠበቅኩት ደረሰኝ።»

ስክሪኑ ይጠይቃል፦ የተመለሰበት ምክንያት?
ተሰብሯል። ቀለሙ አልተስማማም። ልኩ አይደለም። ሌላ።
ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
«ግራው በኩል» አለች፣ «አሁንም ይሞቃል፤
ማንንም ግን አያሞቅም።»
«ልኩ አይደለም» የሚለውን ተጫንኩ።

ያለ ደረሰኝ ለመጣ፣ በሱቁ መመሪያ፣
የዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋ ነው መቁጠሪያ።
አስራ ዘጠኝ ዶላር።
የአንድ ሰው ብርድ ልብስ ደግሞ አርባ።
እጇ ወደ ብብቷ ሄደና ባዶውን ነክቶ ተመለሰ፤
ፊቷ ከዚያች ደቂቃ በፊት እንዲያ ሆኖ አላየሁም።

ከመሳቢያዬ ሥር አንድ ኩፖን ሳብኩኝ፣
ሰው ረስቶት የሄደ፤ ለእሷ እንዳስቀመጥኩ ይቆጠርልኝ።
መነጽሯን አድርጋ ቀኑን አነበበች።
«ይኼማ አልፎበታል፤ ሦስት ዓመቱ» አለች።
«እዚህ ቤት አያልፍም» አልኳት።
ስምንት ዶላር። እርሳስ ለመነችኝ፣
ደብተሯ ቤት ስለቀረ፣ በመዳፏ ላይ ጻፈችው።

በሰኔ ተዘጋን። በሩ ላይ ተለጠፈ፦
«ኩፖን አንቀበልም። የተሸጠ አይመለስም።»
ዱዌይን መደርደሪያውን ራሱን ሳይቀር ይሸጥ ነበር፣
እኔም በመውጫው በኩል ካርቶን እጥፍ ነበር።
ቨርና መጣች፤ ማክሰኞ ነው፣ ቀኗን አልሳተችም።
ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበበችው፤ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ቆርቆሮዋን በጉልበቷ ላይ አስደግፋ
አረንጓዴውን ሁሉ፣ ዓመት በዓመት፣ ገለበጠች ከቅርጫት፤
ላስቲኮቹን ግን አንድ በአንድ እየፈታች
ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው።
ሁለቱ በጣቷ ላይ ተበጠሱ፤ የቀሩትን ቆጠረች።

«ምን ሊያደርጉልሽ?» አልኳት።

«ላስቲክ» አለች ክዳኑን እየገጠመች፣
«ማብቂያ ቀን አልተጻፈበትም።»