የዘለለ ስፌት

ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሬ ስረግጣት፣
ሲንጀሬን በድምጿ፣ በሳሏ ነው የማውቃት፤
ክር ልትዘል ስትል፣ መርፌ ሊጎብጥባት፣
ከጆሮዬ ቀድሞ ጉልበቴ ነው የሚሰማት።

እዚህ ደረቴ ውስጥ ሌት ተቀን የሚሰፋ፣
ያን ባለሙያ ግን፣ መቼ ስፌት እንዳጠፋ፣
አላወቅሁም።

መስከረም ነበረ፣ ዩኒፎርም ሲበዛ፣
ፒያሳ ወጥቼ ቴትሮን ልገዛ፣
ደረጃው ላይ ትንፋሼ እጥር አለኝና
«እርጅና ነው» አልኩት፤ ሄድኩኝ እንደገና።
እስከ ጥር ድረስ እርጅና ነበር።
በጥር ሹካሬ ባጃጅ አቁማ ሪፈራል ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ከመጨረሻዋ ልጄ ታንሳለች።
እጄን ያዘች፤ ሰዓቷን አየች፤ ዝም አለች።
ደግማ ቆጠረች።
ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ፦
አንዱ ስፌት ጠባብ፣ አንዱ ስፌት ሰፊ፣
የተለማማጅ እጅ፣ የሰካራም ሰፊ።
«ይህን የሰፋ ሰው ከሱቄ ባባረርኩት» አልኳት።
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አጠፈችና አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ሐይቁን ያውቁታል አይደል?
መሃሉ ሲናወጥ ጥርት ይላል፤
ደለሉም ሣሩም ከዳር ነው፣ ውሃው በቆመበት ጥግ።
የልብዎም የላይኛው ክፍል መጭመቁን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤
ደም ጥግ ይዞ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል።
የረጋው አንድ ቀን ተነሥቶ ይሄዳል፣
መንገዱም ወደ ላይ ነው፣ ወደ አንጎል።»

ላንቃሞ ታወሰኝ።

ላንቃሞ፣ ኮት ቆራጩ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፤
የሱም ልብ ይዘል ነበር፣ ጫት ነው አልነው በሳቅ።
ካቻምና ሰኞ ጠዋት መቀሱ ከጣቱ ወደቀ፤
ሊያነሣው ጎነበሰ፣ ቀኝ እጁ እምቢ አለው፤
«ምን ሆንክ?» ስንለው የአፉ አንድ ጎን ብቻ መለሰ።
አንዱ «ምች ነው» አለ፤ ዳማከሴ ተፈለገ።
ሌላው ጠበል አለ።
እስከ ማታ ተከራከርንበት፣
እያንዳንዷ ደቂቃ ከእጁ ላይ ስትሸረፍ።
አሁን ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣
ቀኙን በግራው ታቅፎ፣ እንደ ሰው ልጅ።
በግማሽ የተቆረጠ ኮት ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል።

እኔ ኪኒን አለኝ፣ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት፤
በየወሩ ደሜን ይለኩታል፣ እንደ ክር ውጥረት፦
ከላላ ይቋጠራል፣
ከጠበቀ ይበጠሳል፤
ይህንንስ ለልብስ ሰፊ ማን ያስተምራል!
ጎመን አልተከለከልኩም፤ ግን ዛሬ ተራራ ነገ ባዶ አይሆንም፣
ሹካሬ በጭልፋ ትለካልኛለች፣ አንድ አይነት፣ ሁልጊዜ።
ለወገቤም ክኒን ከመንገድ አልገዛም፣ ሳልጠይቅ።

ድሮ መርፌ ሲወጋኝ ጣቴን ልሼ እቀጥል ነበር።
አሁን ጨርቅ ተጭኜ እስከ ሁለት መቶ እቆጥራለሁ።
የአንድ ተማሪ ነጭ ሸሚዝ አበላሽቼ ከኪሴ ከፍያለሁ።
ሹካሬ ደም ስታይ ትደነግጣለች፤
እኔ ግን እላታለሁ፦
የሚፈስ፣ አልቆመም ማለት ነው።

አልዋሽም፤ በሰኔ ዘጠኝ ቀን ተውኩት።
ደህና ነበርኩ፤ ደህና ሰው ምን ኪኒን ያስፈልገዋል?
የቤት ኪራይም ጨምሮ ነበር።
ላንቃሞ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፤
እግሩን እየጎተተ ገባ፣ የቁልፍ መሳቢያዬን በግራው ሳበ፣
ከአዝራሮቹ መሃል ብልቃጡን አወጣ፣
ሙሉ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ አንኳኳው።
ከብዙ ትግል በኋላ አንዲት ቃል ወጣችው፦
«ዋ…ጥ።»

እንዳልደርብ፣ እንዳላካክስ፣ በነጋታው ሄጄ ጠየቅሁ።
ልጅቷ ተቆጣችኝ፤ ደሜን ለካች፤ እንደገና ጀመርን።

ትናንት ያን ኮት አወረድኩት።
ላንቃሞ በአገጩ ያመለክታል፣ እኔ እቆርጣለሁ፤
ትከሻው ላይ ሳትኩ።
ሳቀብኝ፣
ባንድ ጎኑ።