መሬቱን ለክታ

ኦሉ ላይ በታኅሣሥ፣ ቀን ሳይነጋ ሲመሽ፣
ቱሊኪ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታሸሽ
ሰርኪዩቱን አስኬደች ለሦስተኛ ማታ፤
ግራፉ ወጣላት፦
እንደ ሐይቅ በረዶ ለጥ ያለ ጸጥታ፣
ሽቅብ የማይዘል፣ ቁልቁል የማይወርድ።
ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ መንገድገድ
የለም።

“ኢልማሪ፣ ናማ እየው!” ካልሲውን አስጥቶ
ማሞቂያው ብረት ላይ፣ ባዶ እግሩን መጥቶ
ከግራፉ ጥግ ላይ ስሙን አነበበ፤
ሳቁን ከጢሙ ውስጥ ሸሽጎ አሰበ።
“ቀጥ ማለቱስ እውነት፣ መስመሩ አይዋሽም፤
የለካሽው መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ አይሸሽም።”

ጠቋሚውን አንስታ መውጫው ላይ ብትጭነው
ቀዩ ማዕበል መጣ፣ ያው የምታውቀው፣
ያው በሕይወት ያለ።
“በል ና” አለችው፤ ስትጠጋ፣ ወንበሯ ሲጢጥ አለ።